በምሽት ከለገሃር ወደ ጃን ሜዳ፦ የብስክሌት መብራት አመራረጥና አገጣጠም

አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ በኅዳር ወር 12 ሰዓት ገደማ፣ በሐምሌ ደግሞ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ያለው ድንግዝግዝታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ያልቅና ይጨልማል። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ የሚወጣ ሰው በአንድ ጉዳይ ጥቂት ከዘገየ፣ በጋም ሆነ ክረምት፣ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በጨለማ ነው። እኔ ለገሃር አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤቴ ጃን ሜዳ ጀርባ ወደሚገኘው ቤቴ የምመላለሰው በብስክሌት በመሆኑ፣ መብራትን የማየው ከፍሬን እኩል ነው፤ ካልሠራ ብስክሌቱ ከግቢ አይወጣም።

መብራት ሲገዛ ሻጭም ገዢም አብዝተው የሚነጋገሩት በካርቶኑ ላይ በትልቁ ስለታተመው የሉመን፣ ማለትም የብርሃን መጠን፣ ቁጥር ነው። እስካሁን የተጠቀምኩባቸውን መብራቶች ሳነጻጽር የደረስኩበት ድምዳሜ ግን ሌላ ነው። በመሃል ከተማ ለሚነዳ ሰው ዋናው ነገር ብርሃኑ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ መብራቱ በምን እንደታሰረና ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር ምን እንደሚያሳይ ነው። የሉመኑ ቁጥር ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

መብራቱን ከመምረጥ በፊት መንገዱን በሚገባ ማጤን ያስፈልጋል። የእኔ መንገድ ከለገሃር ተነሥቶ ቸርችል ጎዳናን ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ በፒያሳ በኩል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርድና እንደገና ወደ አራት ኪሎ ወጥቶ፣ በስድስት ኪሎ አድርጎ ጃን ሜዳ ይደርሳል። ርቀቱ አጭር ቢሆንም የሚያጋጥመው ጨለማ አንድ ዓይነት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በታደሱት ጎዳናዎች ላይ የመንገዱ መብራት ደማቅ ነው፤ ሕንፃዎቹና ዛፎቹ ሳይቀሩ በቀለም መብራት አጊጠዋል። እዚያ አስቸጋሪው ነገር ማየት ሳይሆን መታየት ነው፤ አንዲት ትንሽ ቀይ ነጥብ በዚያ ሁሉ ብልጭልጭታ መካከል በቀላሉ ትዋጣለች። በተጨማሪም የብስክሌት መስመር በተሠራባቸው ቦታዎች ምሽት ላይ የሚንሸራሸረው ሰው ብዙ ነው፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ፎቶ የሚነሡ ጥንዶች መስመሩ ላይ ይቆማሉ፤ በእነዚህ ሰዎች ዓይን ላይ ኃይለኛ ብርሃን እየለቀቁ ማለፍ ነውርም አደጋም ነው።

ከዋናው መንገድ ታጥፎ ወደ ሰፈር ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መብራት የሌለው ኮብል ስቶን፣ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ለግንባታ የተቆለለ አሸዋ፣ መንገድ መሃል የተጋደመ ውሻ፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ በጥግ የሚሄድ እግረኛ፤ ይህ ሁሉ የሚገጥመው ዓይን ከደማቁ ጎዳና ገና ሲወጣ ነው። የሰው ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ፣ በታጠፍንባቸው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የምናየው መብራታችን የሚያሳየንን ብቻ ነው። መብራት በፈረቃ ወይም በብልሽት በሚጠፋበት ምሽት ዋናው ጎዳናም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ የምንገዛው የፊት መብራት ቢያንስ ሁለት የብርሃን ደረጃ ሊኖረው፣ ደረጃውንም እጅን ከመሪው ሳያነሡ በአውራ ጣት መቀየር የሚቻል መሆን አለበት። አንዳንዶቹ መብራቶች ከደካማው ወደ ብርቱው ለመሄድ በብልጭታው በኩል ማለፍን ያስገድዳሉ፤ ሱቅ ውስጥ ቁልፉን ደጋግሞ በመጫን ይህን ማረጋገጥ አይከብድም።

ምን ያህል ርቀት ማየት ያስፈልጋል የሚለውን በቀላል ስሌት ማግኘት ይቻላል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። እንቅፋቱን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት 8 ሜትር አልፏል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 4 ሜትር ያህል ይጨምራል። ፍጥነቱ 30 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ይህም ቁልቁለት ላይ ሳይታወቅ የሚደረስበት ነው፣ ድምሩ 21 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ከ20 እስከ 30 ሜትር ድረስ መንገዱን በግልጽ የሚያሳይ መብራት ለመሃል አዲስ አበባ በቂ ነው። ብርሃኑ በአግባቡ የተሰበሰበ ከሆነ ደማቅ ጎዳና ላይ ከ100 እስከ 200 ሉመን፣ ጨለማ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ከ300 እስከ 400 ሉመን ይህን ያደርጋል። ከዚያ በላይ ያለው ለገጠር መንገድና ለጫካ ነው።

«በአግባቡ የተሰበሰበ» የምለውን ላብራራ። ሉመን መብራቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚያወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ሲለካ፣ ሉክስ ደግሞ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ይለካል። ከጀብሎም ሆነ ከመርካቶ የሚገዛው አብዛኛው መብራት በእጅ ባትሪ አሠራር የተሠራ በመሆኑ ብርሃኑ ክብ ነው፤ የታችኛው ግማሽ መንገዱ ላይ ሲያርፍ የላይኛው ግማሽ ሰማዩንና ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያበራል። ሌላው ዓይነት እንደ መኪና አጭር መብራት ከላይ የተቆረጠ ነው፤ ብርሃኑ ሁሉ ከአንድ አግድም መስመር በታች ይውላል። የጀርመን ደንብ የብስክሌት የፊት መብራት በ10 ሜትር ርቀት ላይ ቢያንስ 10 ሉክስ እንዲሰጥና የሌላውን ዓይን እንዳይወጋ ስለሚያስገድድ፣ ለዚያ ገበያ የተሠሩት መብራቶች በሙሉ በዚህ መንገድ የተቆረጡ ናቸው። እነዚህን የሚለያቸው በአካላቸው ላይ ከሞገድ መሰል መስመርና ከቁጥር ጋር የተቀረጸችው ‹ኬ› የምትባለው የላቲን ፊደል ናት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ሌላ ነገር ከማስመጣት ይህን ቢያስመጣ እመርጣለሁ። እንዲህ ከላይ የተቆረጠ 200 ሉመን፣ ክብ ብርሃን ካለው 600 ሉመን የተሻለ መንገድ ያሳያል፤ ሁለቱንም አንድ ብስክሌት ላይ አስሬ በአንድ ምሽት እያፈራረቅሁ አይቻቸዋለሁ።

በካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ራሱ እውነት መሆኑን ማጣራትም ይቻላል። ብዙዎቹ መብራቶች የሚሠሩት 18650 በሚባለው የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ቁጥሩ 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። የዚህ ባትሪ ጥሩ የሚባለው የመያዝ አቅም ከ2600 እስከ 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። ገበያ ላይ 9900 የሚል የተለጠፈባቸው አሉ፤ በዚህ መጠን ባለ ባትሪ ውስጥ ያን ያህል ኃይል ሊገባ አይችልም። ትክክለኛው ባትሪ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ወርቅ ሠሪ ወዳጄ 9900 የተጻፈበትን አንዱን በሚዛኑ ላይ ቢያስቀምጠው 30 ግራም እንኳ አልሞላም፤ «ይኼስ ከውስጡ ባዶ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ወርቅ ሠሪ ወዳጅ ባይኖርም ቡና ቤቶችና ቅመም ቤቶች የሚጠቀሙባት ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች።

የብርሃኑንም ሰዓት እንዲሁ ማስላት ይቻላል። 2600 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲባዛ ወደ 9.6 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ጥሩ የተሠራ መብራት ከአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ቢያወጣ፣ ይህ ባትሪ 1000 ሉመንን ለአንድ ሰዓት፣ 200 ሉመንን ደግሞ ለአምስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ሊያበራ ይችላል ማለት ነው። በአንዲት ባትሪ «1000 ሉመን ለ10 ሰዓት» የሚል ካርቶን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። እኔ ባትሪው ከውስጥ የታሸገና በታይፕ ሲ ገመድ የሚሞላ መብራት እመርጣለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ከኮምፒውተር ላይ፣ ቤት ውስጥ መብራት በጠፋ ዕለት ከፓወር ባንክ ላይ መሙላት ይቻላል። ምንጩ የማይታወቅ ባትሪን ግን ሌሊት ተኝቶ ቻርጅ ላይ መተው አይገባም፤ መከላከያ ሰርኪት የሌለው የሊቲየም ባትሪ ከልክ በላይ ሲሞላ ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ወደ ኋላው መብራት ልለፍ፤ በእኔ እምነት ከጠቅላላው በጀት ከግማሽ ያላነሰው ለዚህ መዋል አለበት። ቸርችልን ሽቅብ የሚወጣ ብስክሌተኛ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ይጓዛል፤ ከኋላው የሚመጣው ሚኒባስ፣ ሐይገር ወይም አይሱዙ የዚያ አራት አምስት እጥፍ ፍጥነት አለው። እዚያ ላይ የፊት መብራቴ ምንም አያድነኝም። ብዙ ሰው ግን ገንዘቡን ሁሉ ለፊቱ አውጥቶ ለኋላው የመጨረሻውን ርካሽ ይጨምርበታል፤ ይህን ልማድ ፈጽሞ አልረዳውም። የኋላው መብራት ቀይ፣ በምሽት ከ20 እስከ 50 ሉመን የሚሰጥ፣ ወደ ጎንም የሚያበራ መስኮት ያለው ቢሆን መልካም ነው። ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቁ የሚበሩትን ጌጠኛ መብራቶች መተው ይሻላል፤ ሾፌሩ ፖሊስ ወይም አምቡላንስ የመጣ መስሎት ሲደናገር ዋጋውን የሚከፍለው ብስክሌተኛው ነው።

ይብራ ወይስ ብልጭ ድርግም ይበል የሚለው ክርክር ብዙ ነው። እኔ ሁለቱንም የምመዝነው በሾፌር ዓይን ነው፤ ይህን ያስቻለኝ ደግሞ ጎረቤታችን የሆኑ የሚኒባስ ሾፌር ናቸው። አንድ ምሽት ከሥራ ሲገቡ መኪናቸውን በጃን ሜዳ ጥግ አቁመው አጭር መብራቱን እንዳበሩ እንዲቀመጡልኝ ለመንኳቸውና እኔ ከፊታቸው እየራቅሁ ነዳሁ። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም የሚለውን ብቻ አበራሁ። ስመለስ በመስኮት ወጣ ብለው «አየሁሽ ልጄ፤ ግን ቅርብ ሁኚ ሩቅ አለየልኝም» አሉኝ። ሁለተኛ ጊዜ የማያቋርጠውን ብቻ አብርቼ ስሄድ ርቀቱ ለይቶላቸዋል፤ ነገር ግን ከቆመ መኪና መብራት ጋር ሊምታታባቸው እንደሚችል ነገሩኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳበራ «አሁን ደኅና» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ የማያቋርጠውን ከመቀመጫው ሥር፣ ብልጭ የሚለውን ደግሞ ከቦርሳዬ ላይ አደርጋለሁ። አንዱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ሌላው መቅረቱም ትልቅ ጥቅም ነው፤ የኋላ መብራት ሲጠፋ የሚነዳው ሰው አያውቅምና።

የዚያኑ ምሽት የፊቱን መብራት በመስታወታቸው በኩል እንዲያዩልኝ ከኋላቸው መጣሁ። ክብ ብርሃን ያለው መብራት ቀጥ ብሎ ሲታሰር የጎን መስታወታቸውን ሞልቶት እኔንም ሆነ ከእኔ ጀርባ ያለውን ማየት አልቻሉም። ያንኑ መብራት ወደ መሬት ዝቅ ሳደርገው ብስክሌት መሆኔን ለዩት። ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የሚለውን ግን «እሱን አጥፊው፣ ራስ ያዞራል» ብለው ጨርሰውታል። ጀርመኖች በደንባቸው ብልጭታን የከለከሉትም በከንቱ አይመስለኝም፤ ለሚነዳውም ቢሆን መንገዱ እየታየ እየጠፋ ጉድጓድ መለየት አይቻልም።

የኋላውን መብራት ስለማሰር አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የመቀመጫው ዘንግ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ በብዙ ብስክሌቶች ላይ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን 73 ዲግሪ ገደማ ነው። መብራቱ በዚህ ዘንግ ላይ ያለ ማስተካከያ በቀጥታ ሲታሰር ፊቱ በ17 ዲግሪ ወደ መሬት ይደፋል። ከፍታው 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የብርሃኑ እምብርት ከጎማው ኋላ ሦስት ሜትር እንኳ ሳይሄድ አስፋልት ላይ ያርፋል፤ ሾፌሩ የሚያየው ፍርፋሪውን ብቻ ነው። ከኋላ ጎማው መሃል ወደ መቀመጫው በሚወጡት ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ሲታሰር ደግሞ ተቃራኒው ይሆንና ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ጥሩ መብራቶች ይህን የሚያስተካክል ተዳፋት ማሰሪያ ይዘው ይመጣሉ። ከሌለው ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ አጥፎ ከማሰሪያው በአንዱ ጠርዝ ሥር መወተፍ ነው፤ ከዚያ 20 ሜትር ያህል ርቆ ጎንበስ ብሎ በሾፌር ዓይን ከፍታ ማየት። መብራቱ ሙሉ ክብ ሆኖ ከታየ ተስተካክሏል። ረጅም ጃኬት፣ የዝናብ ልብስ ወይም ከኋላ መጫኛው ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል የሚሸፍነው መሆን አለመሆኑም ተቀምጦ ሌላ ሰው እንዲያይ በማድረግ መረጋገጥ አለበት። ትራፊኩ በግራችን ስለሚያልፍ፣ መሃል ላይ ቦታ ከጠፋ ወደ ግራ ጠጋ ማድረግ ይመረጣል።

የፊቱ መብራት ማሰሪያ የሚመረጠው በመሪው ውፍረት ነው። የመሪ ቱቦ 22.2፣ 25.4 ወይም 31.8 ሚሊ ሜትር ስፋት ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ መሃሉ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ነው። ለወፍራሙ የተሠራ የፕላስቲክ ማሰሪያ ቀጭኑ ላይ ሲታሰር እስከ መጨረሻው ቢጠብቅም ኮብል ስቶን ላይ ይዞራል፤ መብራቱም ቀስ እያለ የፊት ጎማውን ማየት ይጀምራል። መፍትሔው አሁንም ያቺው የውስጥ ጎማ ቁራጭ ናት፤ መሪው ላይ አንድ ወይም ሁለት ዙር ጠቅልሎ በላይዋ ላይ ማሰር፤ ትይዛለች፣ ንዝረትም ትቀንሳለች፣ ዋጋዋም ጎማ ቤት ጎራ ብሎ መለመን ብቻ ነው። በላስቲክ ብቻ የሚታሰሩት መብራቶች ለመንቀል ቢቀሉም፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ በሚውል ብስክሌት ላይ ላስቲኩ ይደርቅና ይበጠሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው ጎተት አድርጎ ስንጥቅ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። በካቻቢቴ ወይም በእጅ ብሎን የሚጠብቀው አስተማማኝ ነው። መብራቱ ሲታሰር የፍሬኑን ገመድ እንዳይጫንና ከፊት ቅርጫት ወይም ቦርሳ ጀርባ እንዳይደበቅ ልብ ይሏል።

አቅጣጫውን ለማስተካከል ሲመሽ ደልዳላ ቦታ ላይ ከአንድ ግድግዳ 5 ሜትር ርቆ መቆም በቂ ነው። በመጀመሪያ መብራቱ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለክቶ ግድግዳው ላይ በኖራ ምልክት ማድረግ። ክብ ብርሃን ያለው ከሆነ የብርሃኑ እምብርት ከምልክቱ ግማሽ ከፍታ ላይ ማረፍ አለበት፤ ለምሳሌ መብራቱ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ካለ እምብርቱ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን፣ መንገድ ላይ ብርሃኑ 10 ሜትር ፊት ለፊት ይወድቃል ማለት ነው፤ ከዚያ አልፎ የሚፈነጥቀው ቀሪውን ርቀት ያሳያል። ከላይ የተቆረጠ ብርሃን ያለው ከሆነ ግን ሊታይ የሚገባው የላይኛው ጠርዝ ነው፤ ከምልክቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ይህ ሁሉ ሲደረግ ሰውየው ብስክሌቱ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ክብደት ሲያርፍበት፣ በተለይ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ባለ ሞላ ከሆነ፣ ማዕዘኑ ይለወጣልና።

ግድግዳ ላይ የተስተካከለው መብራት ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሲደርስ ሌላ ጠባይ ያሳያል። ቁልቁለቱ አልቆ ሽቅቡ ሊጀምር ሲል ብርሃኑ ከፊት ያለው ዳገት ላይ ስለሚጋጭ የሚታየው ርቀት ድንገት ያጥራል፤ ፍጥነቱ የሚበዛውም እዚያው ነው። በተቃራኒው ዳገት ጨርሶ ሜዳው ላይ ብቅ በሚባልበት ቅጽበት ብርሃኑ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ይወጣል። ይህን ማንም ማሰሪያ አያስተካክለውም፤ ከድልድዩ በፊት ፍሬን ያዝ ማድረግ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ደካማውን ደረጃ መጫን ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግንባር ላይ የሚታሰረውን መብራት ብቻ ለብሰው ይነዳሉ። ወደ ጥግ ለማየትና ጎማ ሲተነፍስ ሁለቱንም እጅ ለመጠቀም ጥሩ ነው፤ ለዋና መብራትነት ግን አይሆንም። ጉድጓድ የሚለየው በጥላው ነው። መብራቱ ከዓይን አጠገብ ሲሆን ጥላው ከጉድጓዱ ጠርዝ ጀርባ ስለሚደበቅ መንገዱ ሁሉ ሜዳ መስሎ ይታያል፤ መብራቱ ዝቅ ብሎ መሪው ላይ ወይም ሹካው ራስ ላይ ሲታሰር ትንሿ ጎርባጣ እንኳ ረጅም ጥላ ትጥላለች። በዚያ ላይ ግንባር ላይ ያለ መብራት የምናየውን ሰው ሁሉ ዓይኑ ላይ ያበራበታል።

በክረምት ሁለት ነገር ይከብዳል። እርጥብ አስፋልት ብርሃኑን ወደ ፊት አንጸባርቆ ስለሚወስደው ያው መብራት የደከመ ይመስላል፤ ውኃ የሞላው ጉድጓድም ከእርጥቡ አስፋልት ጋር አንድ ይሆናል። ሁለተኛው ውኃ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። በካርቶኑ ላይ ‹አይ ፒ ኤክስ› ከሚለው ቀጥሎ 4 ካለ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን፣ 6 ካለ ኃይለኛ የውኃ ግፊትን፣ 7 ካለ ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን ይቋቋማል ማለት ነው። ለሐምሌና ነሐሴ ዝናብ 4 ዝቅተኛው ነው፤ ጎማው የሚረጨው ጭቃ የሚደርስበት የኋላ መብራት ግን 6 ቢሆን ይሻላል፣ ፓራፋንጎ ለሌለው ብስክሌት ይልቁንም። ብዙ ጊዜ ውኃ የሚገባው የቻርጅ ቀዳዳውን በሚዘጋው የጎማ ክዳን በኩል ነው፤ ስለዚህ መብራቱ ሲታሰር ቀዳዳው ወደ ታች የሚሆንበትን አኳኋን መምረጥ፣ ዝናብ ከመታው በኋላም ክዳኑን ከፍቶ ሳያደርቁ ቻርጅ ላይ አለመሰካት ይገባል።

መብራት ከፊትና ከኋላ ብቻ ስለሚያሳይ ጎኑ ባዶ ይቀራል። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የሚያሰጋው ደግሞ ከጎን የሚገባው መኪና ነው። እዚህ ላይ ባትሪ የማይፈልጉት አንጸባራቂዎች ጥቅማቸው ከፍ ይላል፤ የመኪናው ብርሃን የመጣበትን አቅጣጫ ይዞ ወደ ሾፌሩ ስለሚመልሱ ደምቀው ይታያሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ነው፤ ከፔዳሉ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ሾፌሩ የሚንቀሳቀስ ሰው መሆኑን ወዲያው ይለያል። የግንባታ ሠራተኞች የሚለብሱት ቢጫ ሰደርያ ቀን ላይ የሚደምቀው በፀሐይ ብርሃን ነው፤ ሌሊት ጨርቁ ብዙም አይረዳም፣ የሚሠራው በላዩ የተሰፋው ብርማ ጥብጣብ ነው። ያንኑ ጥብጣብ ቆርጦ አንጓ ላይ ማሰር ደግሞ ለመታጠፍ እጅ ሲዘረጋ ምልክቱ እንዲታይ ያደርጋል። አንጸባራቂ የሚያበራው ግን የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ስለሆነ የመብራትን ቦታ አይተካም፤ መብራት ሳያበሩ የሚነዱ መኪኖችም አይጠፉም።

በአሮጌ ብስክሌቶች ላይ ጎማ እየታከከ የሚሠራው ዲናሞ ዛሬም የሚገኝ ሲሆን፣ ባትሪ አለመፈለጉ ደግ ነው፤ ነገር ግን ጎማውን ስለሚይዝ ዳገት ላይ ይከብዳል፣ ጎማው ሲረጥብ ይንሸራተታል፣ ብስክሌቱ ሲቆምም ይጠፋል። ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ መጥፋት በተለይ ለኋላው መጥፎ ነው። የጎማው መሃል ውስጥ የሚገጠመውና በ6 ቮልት 3 ዋት የሚሰጠው ዘመናዊው ዲናሞ እጅግ የተሻለ ቢሆንም ጎማውን አስፈትቶ እንደገና ማሠራትን ይጠይቃል።

የቀረው ነገር ሌባ ነው። ብስክሌቱ ለጥበቃ አደራ ተሰጥቶ ቢቆም እንኳ መብራቶቹን ነቅሎ ኪስ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል፤ የሚሰረቀው ብስክሌቱ ሳይሆን በአንድ እጅ የሚነቀለው ነው። ነቅሎ ኪስ ውስጥ መክተት የራሱ ጣጣ አለው፤ ቁልፉ ተነክቶ ኪስ ውስጥ ሲበራ ይውልና ማታ ባዶ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዶቹ መብራቶች ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ሲይዙት ይቆለፋሉ፤ ይህ የሌላቸውን በጠንካራ የመነጽር ቤት ውስጥ አድርጌ እይዛቸዋለሁ። ከዚህ በተጨማሪ በቦርሳዬ የጎን ኪስ ውስጥ በሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት ርካሽ ቀይ መብራት ሁልጊዜ አለች፤ ዋናው ቻርጅ ቢጨርስ ድንጋዩ ከየትኛውም የሰፈር ሱቅ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ሳትሠራ ስለምትቆይ ድንጋዩ ፈሶ ውስጧን እንዳይበላው ለይቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ከጎኗ አስቀምጠዋለሁ።